በውሃ ቀለም የተሣለ የመርከብ ግንባር ተዋጊ እንዴት ይነበባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመርከብ ግንባር የወረደ የእንጨት ተዋጊን የሚያሳይ የውሃ ቀለም ሥዕል አይተው "ምኑን ነው የማየው?" ለሚሉ። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ፊገርሄድ የሚባለው ምንድን ነው?

በሸራ ይሄዱ በነበሩ መርከቦች ግንባር ላይ፣ ከፊት ወደ ውጭ ከሚወጣው ረጅም ምሰሶ ሥር ይገጠም የነበረ የእንጨት ቅርጽ ነው። ሰው፣ አንበሳ ወይም ንስር ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ከደረት በላይ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ከራስ እስከ እግር ሙሉ ሰው ሆኖ ከሦስት ሜትር ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ የመርከቡን ስም በአካል ስለሚያሳይ፣ ፊደል ያልቆጠረ መርከበኛም ቅርጹን አይቶ መርከቡን ይለየዋል።

የጦር መርከብ ስሙን ከጀግና፣ ከጥንት አማልክት ወይም ከጎሣ መሪ ሲወስድ ቅርጹም ተዋጊ ይሆናል። በ1860 ውሃ ላይ የወረደው ብረት ለበሱ የእንግሊዝ መርከብ "ዋሪየር" ግንባሩ ላይ የጥንት ግሪክና ሮማ ዓይነት ተዋጊ ነበረው። በኋላ የመርከቦች ግንባር ቀጥ እያለ ሲመጣ ቅርጹ የሚያርፍበት ቦታ ጠፋ፤ ልማዱም አብሮ ከሰመ።

ፎቶ እያለ ለምን በውሃ ቀለም ተሣለ?

በኢንተርኔት ከሚዘዋወሩት የዚህ ዓይነት ሥዕሎች ብዙዎቹ የመጡት "ኢንዴክስ ኦፍ አሜሪካን ዲዛይን" ከሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮጀክት ነው። ከ1935 እስከ 1942 ባለው ጊዜ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ ያጡ ሠዓልያን ደመወዝ እየተከፈላቸው የቆዩ የእጅ ሥራዎችን አንድ በአንድ ሣሉ፤ የቤት ዕቃ፣ ልብስ፣ መጫወቻ፣ የሱቅ ምልክት፣ የመርከብ ቅርጽ። ሐሳቡን ያመነጩት በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሥዕል ስብስብ ኃላፊ የነበረችው ሮማና ጃቪትስ እና የጨርቃ ጨርቅ ዲዛይነሯ ሩት ሪቭስ ናቸው። ኢንዴክሱን ያቀፈውን ፌዴራል አርት ፕሮጀክት የመራው ሆልገር ካሂል ነበር። የተሠሩት ከ18 ሺህ የሚበልጡ ሥዕሎች በ1943 ዋሽንግተን ወደሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ገቡ።

የቀለም ፊልም ያኔ ገና ብቅ ማለቱ ነበር፤ ኮዳክሮም ለገበያ የቀረበው በዚያው በ1935 ነው። ውድ ነበር፤ የወረቀት ኅትመቱም ቀለሙ አይዘልቅም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ደግሞ የተዋጊው መጎናጸፊያ ቀይ ይሁን አረንጓዴ አይነግርዎትም። ሠዓሊ መደገፊያ ብረቱን፣ ግድግዳውንና የመስኮቱን ነጸብራቅ ትቶ ቅርጹን ብቻውን ነጭ ወረቀት ላይ ማውጣት ይችላል። የማሳቹሴትስ ሠዓልያን የተማሩት ዘዴ እንዲያውም የግብጽ ጥንታዊ ቅርሶችን ለመመዝገብ ከሚሠራ የውሃ ቀለም ሥዕል የመጣ ነው። ስለዚህ እንደ ማስረጃ ሰነድ ሊነበብ ታስቦ የተሠራ ሥዕል ነው፤ ይህን ከረሱ የቀረው ንባብ ይበላሻል።

ከሥዕሉ ሥር የተጻፉት ቁጥሮች ምን ይነግሩኛል?

ከገመቱት በላይ። የናሽናል ጋለሪን መዝገብ ምሳሌ እናድርግ። መለያ ቁጥሩ በ1943.8 ከጀመረ ሥዕሉ የኢንዴክሱ ነው። 1943 ሥዕሉ ወደ ጋለሪው የገባበት እንጂ የተሣለበት ዓመት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የተሣለበት ዓመት "1935/1942" ተብሎ ከተጻፈ ትክክለኛው ዓመት አልተለየም፣ ፕሮጀክቱ በቆየበት ዘመን ውስጥ ነው ማለት ነው። የሠዓሊው ስም የቀራጺው ስም አይደለም። በመካከላቸው መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል።

ሁለት ልኬቶች ይኖራሉ፤ አንዱ የወረቀቱ፣ ሌላው የእንጨቱ ቅርጽ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በኢንች ነው፤ በ2.54 ያባዙት። ከዚያ በወረቀቱ ላይ የተዋጊውን ቁመት ለክተው ያካፍሉ። ለምሳሌ ቅርጹ 182 ሴንቲ ሜትር ከሆነና በሥዕሉ ላይ 36.4 ሴንቲ ሜትር ከመጣ አምስት ጊዜ አንሷል። በወረቀቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅ በእንጨቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጣት ያስገባል። ይህን ስሌት ሳይሠሩ ስለ "ጥቃቅን ጭረቶች" መጻፍ አያዋጣም።

ሥዕሉን ስመለከት ከየት ልጀምር?

ከፊቱ አይጀምሩ። ፊት ዓይንን ይስባል፤ አንዴ "ቁጡ ነው" ወይም "ኩሩ ነው" ብለው ከወሰኑ በኋላ የቀረውን ሁሉ በዚያ መነጽር ነው የሚያዩት።

መጀመሪያ የውጭ መስመሩን ብቻ ይከተሉ፤ ወደ የት ያዘነብላል? ደረቱ ነው ወይስ ጉልበቱ ወደፊት የወጣው? ቀጥሎ ታችኛውን ጫፍ ይዩ። የተጠቀለለ የቅጠል ጌጥ ላይ ካለቀ ከመርከቡ ግንባር ጋር የሚያያይዘው ክፍል ሳይቆረጥ ተርፏል ማለት ነው። በመጋዝ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ደግሞ አንድ ሰው ከመርከቡ ለይቶ ለማቆም ሲል ቆርጦታል። ከዚያ ጀርባውን ይፈልጉ። በሦስት አራተኛ ጎን የተሣለ ከሆነ፣ የመርከቡ የፊት ግንድ ይገባበት የነበረው ጎድጓዳ ቦይ ከትከሻው በታች ሊታይ ይችላል። ይህ ቦይ ቅርጹ በእርግጥ መርከብ ላይ ለመገጠም እንደተሠራ ከሚያሳዩት ምልክቶች ጠንካራው ነው፤ ትንባሆ ቤት ደጃፍ ይቆሙ የነበሩት የእንጨት "ሕንዶች" (የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችን የሚያሳዩ ቅርጾች) የላቸውም። እጆቹንና የያዘውን ነገር፣ በመጨረሻም ፊቱን ያንብቡ።

ተዋጊው ለምን ሽቅብ ሰማይ ያያል?

አብዛኛውን ጊዜ ያየው ሰማይ አልነበረም። ቅርጹ መርከቡ ላይ ሲገጠም ወደፊት አዘንብሎ ነው። ቀራጺው ይህን ስለሚያውቅ ዓይኖቹ አድማሱን እንዲያዩ አንገቱን ቀና ያደርገዋል። በኋላ ቅርጹ ከመርከቡ ወርዶ ሙዚየም ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያው አንገት ሽቅብ ያንጋጥጣል። ሠዓሊው ያየውን ሣለ።

ለመፈተን ቀላል ነው፤ ሥዕሉን ስልክዎ ላይ ከፍተው ዓይኖቹ አግድም እስኪያዩ ድረስ ያዙሩት። ደረቱ ወደፊት የሚወጣበት፣ የመጎናጸፊያው እጥፋት ወደ ኋላ የሚነፍስበት ምክንያት ያኔ ይገባል። "ወደ ፈጣሪ የሚማጸን ተዋጊ" የሚሉ መግለጫዎች የሚመጡት ይህን ካለማድረግ ነው።

ፊቱ ለምን ሸካራና አስፈሪ ሆነ? ቀራጺው አልቻለበትም?

ችሎበታል፤ የተቀረጸው ግን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ለሚቆም ተመልካች አይደለም። ከሌላ መርከብ ወይም ከወደብ፣ ከታች ወደ ላይ እንዲታይ ነው የተሠራው። እንደ መድረክ ተዋናይ ኩል ሁሉም ነገር ተጋንኗል፤ ቅንድቡ ይወፍራል፣ የዓይኑ ብሌን ጥላ እንዲይዝ ጠልቆ ይበሳል፣ ጸጉሩ በሰፋፊ ቦዮች ይከፈላል። የውሃ ቀለም ሠዓሊው ይህን ፊት ከአንድ ሜትር ሆኖ በስስ ብሩሽ ሲሥለው ማጋነኑ ቁጣ መስሎ ይወጣል።

ስለዚህ የጠለቀ ዓይንና የተሸበሸበ ቅንድብ ብቻውን የጦረኝነት ማስረጃ አይሆንም። የአበባ ዘንግ የያዙ ሴቶችም በዚያው ዘመን ያንኑ ቅንድብ ነበራቸው።

የተቀረጸውን በቀለም ብቻ ከተቀባው እንዴት እለያለሁ?

ጥላውን በማየት። የተቀረጸ ጠርዝ በሥዕሉ ላይ ሁለት የተለያዩ ዳሮች አሉት፤ በአንድ በኩል ሹል፣ በሌላው በኩል ቀስ እያለ የሚጠፋ። በእንጨቱ ላይ በቀለም ብቻ የተሠመረ መስመር ግን ከሁለቱም ወገን እኩል ይቆረጣል፣ ውፍረቱም ብዙ አይለዋወጥም። በደረት ጥሩር ላይ ያሉ ቅርፊቶችን፣ የላባ መሐል መስመሮችንና የፊት ላይ ቀለሞችን በዚህ ይለዩ።

መጀመሪያ ግን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይወስኑ። በዚህ ዓይነት ሥዕል ብዙ ጊዜ ከግራ ከላይ ነው፤ አፍንጫው ሥር ያለውን ጥላ አይተው ያረጋግጡ። ብርሃኑ ከግራ ሆኖ አንድ እጥፋት በግራው በኩል ከጠቆረ፣ ወይ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ነው ወይ ቀራጺው ከሠራው በላይ የተቀባ ሐሰተኛ ጥላ ነው። መርከብ ቀቢዎች ቅርጹ ከሩቅ እንዲለይ እጥፋት ውስጥ ጥቁር ቀለም ይጨምሩ ነበርና ሁለተኛው ብርቅ አይደለም።

ሥዕሉ ላይ የሚታዩት ስንጥቆች ሁሉ ጉዳት ናቸው?

አይደሉም፤ ሦስት ዓይነት መስመር አለ። ትልቅ ቅርጽ ከአንድ ግንድ አይወጣም። ብዙ ሳንቃና ጉማጅ በማጣበቂያ፣ በእንጨት ችንካርና በብሎን ተያይዞ ነው የሚቀረጸው። በአሜሪካ የተለመደው እንጨት ነጭ ፓይን ነበር፤ ለመሮ ይመቻል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። በሥዕሉ ላይ ፊትን፣ አንገትንና ልብስን ሳይለይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር የሳንቃ መጋጠሚያ ነው፤ የቀራጺው አሠራር እንጂ ጉዳት አይደለም። የእንጨቱን ቃጫ ተከትሎ የሚንቀሳቀስ፣ መሐሉ ሰፍቶ ጫፉ የሚሾል መስመር ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅ የፈነዳበት ነው።

ሦስተኛው የቀለም ስንጥቅ ነው። ደቃቅ መረብ ይሠራል፤ የተቀባውን ገጽ እንጂ እንጨቱን አይነካም። ጥሩ ሠዓሊ ሦስቱን በሦስት መንገድ ይሠራቸዋል፤ መጋጠሚያውን በሹል እርሳስ ወይም ብሩሽ፣ የእንጨቱን ፍንዳታ በጥቁር ቡናማ ከነውስጥ ጥላው፣ የቀለሙን መረብ ደረቅ በሆነ ብሩሽ። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቡናማ መስመር ከተሠሩ ሠዓሊው ቸኩሏል፤ እዚያ ሥዕል ላይ ስለ እንጨቱ ሁኔታ ብዙ ድምዳሜ አይገንቡ። ዙሪያው ለስላሳ፣ ቀለሙ ከአካባቢው ትንሽ የተለየ ሞላላ ቦታ ካዩ ደግሞ ቀዳዳ በስቱኮ ተደፍኖ ይሆናል።

ክንዱ የለም። በውጊያ ነው የተሰበረው?

ከሁሉም በፊት ትከሻውን ይዩ። ክንድ ብዙ ጊዜ ለብቻው ተቀርጾ በብሎን ይያያዛል፤ አንዳንዱ መርከቡ ክፍት ባሕር ላይ ሲሆን ማዕበል እንዳይወስደው እንዲወልቅ ሆኖ ይሠራል። ትከሻው ላይ ጠፍጣፋ ገጽና ክብ ቀዳዳ ካለ ክንዱ ወልቆ ጠፍቷል። የተቀዳደደ የእንጨት ቃጫ ካለ ተሰብሯል።

ከተሰበረም ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። የአሜሪካ መርከብ "ኮንስቲትዩሽን" የመጀመሪያ ቅርጿ የጥንት ግሪክና ሮማ ተረት ጀግናው ሄርኩለስ ነበር፤ በ1804 በሜዲትራንያን ያጠፋችው የራሷ ወገን የሆነችው "ፕሬዚደንት" የተባለች መርከብ ተጋጭታት ነው። "ዋሪየር"ም በ1868 ከ"ሮያል ኦክ" ጋር ተጋጭቶ ግንባሩ ላይ ጉዳት ደርሶበታል፤ እሱም የራሱ ባሕር ኃይል መርከብ ነው። "ኮንስቲትዩሽን" ላይ በኋላ የተተከለው የፕሬዚደንት አንድሩ ጃክሰን ቅርጽ ደግሞ ገና ቦስተን ወደብ ላይ ሳለ በ1834 አንድ ሌሊት ሳሙኤል ዲዊ የተባለ ሰው ጭንቅላቱን በመጋዝ ቆርጦ ወሰደው። ምክንያቱ ፖለቲካ ነበር። የተሰበረ ክንድ አይቶ የጦር ሜዳ ታሪክ መጻፍ ከሁሉ የቀለለውና ከሁሉ የሚያሳስተው ንባብ ነው።

የማየው ቀለም ቅርጹ በመጀመሪያ የነበረው ቀለም ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። መርከብ በታደሰ ቁጥር ቅርጹም ይቀባል፤ የሚቀባው ደግሞ በብዛት ቀራጺ ሳይሆን ብሩሽ ያገኘ መርከበኛ ነው። መርከቡ ፈርሶ ቅርጹ በአንድ ግቢ ሲቆምም እንደገና ይቀባል። ስለዚህ በ1937 የተሣለ ሥዕል የሚያሳየው የ1937ቱን ገጽ ነው። ቀለም የተላጠባቸውን ቦታዎች ይፈልጉ፤ ተረከዝ፣ የጆሮ ጀርባ፣ የእጥፋት ሥር። ሠዓሊው እዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የተለያየ ቀለም ካሳየ የታችኛው የቆየው ነው። ከሥሩ ቢጫ ከወጣ የወርቅ ቅብ መሠረት ሊሆን ይችላል፤ የወርቅ ቅጠል ከመለጠፉ በፊት ቢጫ ቀለም መቀባት የተለመደ ነበርና።

በዓይን መገመት የት እንደሚያደርስ የስዊድኗ "ቫሳ" ታሳያለች። በ1628 ሰጥማ በ1961 ወጣች፤ ለብዙ ዓመት ቅርጾቿ ሰማያዊና ወርቃማ መደብ ላይ ነበሩ ተብሎ ይሣል ነበር። ከእንጨቱ የተገኙት ጥቃቅን የቀለም ቅሪቶች በላቦራቶሪ ሲመረመሩ መደቡ ቀይ፣ ቅርጾቹም እጅግ ደማቅና ብዙ ቀለም ያላቸው ሆነው ተገኙ። የቀድሞዎቹ ሥዕሎች ያማሩ ነበሩ፤ ልክ ግን አልነበሩም።

የሥዕሉ የራሱ ቀለም ተለውጦ ቢሆንስ?

ይሆናል። የውሃ ቀለም ስስ ስለሆነ ብርሃን ይበላዋል። ከነፍሳትና ከተክል የሚወጡ ቀዮችና ሐምራዊዎች ቶሎ ይጠፋሉ፤ ከአፈር የሚወጡት ቡናማና ቢጫ ግን ይቆያሉ። የተዋጊው መጎናጸፊያ ቡናማ ሮዝ ከሆነና የፊቱ ቡናማ ግን ሙሉ ከሆነ ቀዩ ሸሽቷል ብለው ይጠርጥሩ። ማረጋገጫው ከክፈፉ ሥር ነው፤ ካርቶን የሸፈነው ዳር ብርሃን ስላላገኘው የመጀመሪያውን ድምቀት ይዞ ይቆያል። ሙዚየሞች የውሃ ቀለምን በ50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ብርሃን ለጥቂት ወራት ብቻ አሳይተው ወደ ጨለማ የሚመልሱት ለዚህ ነው።

ነጩንም ይመልከቱ። በውሃ ቀለም ነጭ ማለት በአመዛኙ ያልተነካ ወረቀት ነው። በጥርስ ላይ ወይም በላባ ጫፍ ላይ ወፍራም ነጭ ከተደረበ ጉዋሽ ነው፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን የማያሳይ የውሃ ቀለም፤ መብራት ከጎን ቢያበሩ ከፍ ብሎ ይታያል። በድሮ ሥዕሎች ላይ እርሳስ ያለበት ነጭ ቀለም በአየር ውስጥ ባለ ድኝ ምክንያት ይጠቁራል። ብርሃን መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ድንገት ግራጫ ነጥብ ካዩ ጠባሳ ነው ብለው አይተርጉሙት።

ልብሱና መሣሪያው ማን እንደሆነ ይነግሩኛል?

ቀራጺው ማንን አስቦ እንደሠራ ይጠቁማሉ እንጂ ያ ሰው ምን ይለብስ እንደነበር አይናገሩም። ጅራት ያለው የራስ ቁር፣ ጡንቻ የተቀረጸበት የደረት ጥሩርና ከወገብ የሚወርዱ የቆዳ ጥብጣቦች ሮማን ያመለክታሉ። ዱላና የአንበሳ ቆዳ ሄርኩለስ ነው፤ ቆዳው ከሌለ ዱላው ብቻ አይበቃም።

አስቸጋሪው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ተዋጊ ነው። የወደብ ቀራጺዎች ብዙዎቹ ሞዴላቸውን ያገኙት ከኅትመት ሥዕል ነው። የላባ ቀሚስና ቀጥ ያለ የላባ አክሊል የመጣው አውሮፓውያን "አሜሪካ"ን በአንዲት ሴት መስለው ይሥሉ ከነበረበት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው፤ መነሻውም የብራዚል ጠረፍ ሕዝቦች ጌጥ ነው። እስከ ወገብ የሚወርደው ትልቁ የላባ ቆብ ደግሞ የመካከለኛው ሜዳ ፈረሰኛ ሕዝቦች ነው። ሁለቱን በአንድ ቅርጽ ላይ ካዩ፣ ወይም ከአትላንቲክ ዳርቻ መጣ የተባለ መሪ ላይ ካዩ፣ የሚያነቡት የቀራጺውን ዘመን ምናብ ነው። በመግለጫዎ "የጎሣው ባህላዊ ልብስ" ብለው አይጻፉ።

ኢንዴክሱ ራሱ የቀደምት ሕዝቦችን የእጅ ሥራ ከዕቅዱ ውጭ አድርጎ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰፋሪዎች የሠሩትን ነው የመዘገበው። ስለዚህ እዚያ ያለ "የሕንድ ተዋጊ" ሁሉ ሰፋሪው ስለ ሕንዱ ያሰበው ነው።

ርዕሱ "ተዋጊ" ይላል። ማመን አለብኝ?

ርዕሱን የሰጠው ቀራጺው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ወይም መዝጋቢው ነው። የ"ዴላዌር" ታሪክ ይህን ከሁሉ ይበልጥ ያስረዳል። በ1820 ውሃ ላይ የወረደችው ይህች የአሜሪካ የጦር መርከብ ግንባር ላይ ዊልያም ሉክ የቀረጸው የታማነንድ ግማሽ አካል ነበር። ታማነንድ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሌናፔ ሕዝብ መሪ ነው፤ የሚታወቀውም ከፔንሲልቬንያ መሥራች ከዊልያም ፔን ጋር በሰላም በመስማማቱ ነው። መርከቧ በሚያዝያ 1861 ኖርፎክ ላይ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተገንጣይ በነበሩት በኮንፌደሬቶች እጅ እንዳትገባ ተቃጠለች፤ ቅርጹ ግን ተርፎ አናፖሊስ ወደሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ ሄደ።

እዚያ ያሉ ተማሪዎች ስሙን አልወደዱትም። በሌሎች የቀደምት ሕዝቦች መሪዎች ስም ፓውሃታን አሉት፣ ኪንግ ፊሊፕ አሉት፣ በመጨረሻም ቴኩምሴ ብለው አጸኑት፤ ቴኩምሴ በ1813 በጦር ሜዳ የወደቀ የሾኒ ጦር መሪ ነው። የሰላም ሰው በስም ለውጥ ተዋጊ ሆነ። ዛሬ አደባባዩ ላይ የቆመው በ1930 የተተከለ የነሐስ ቅጂ ነው፤ የእንጨቱ ኦሪጅናል በጎብኚዎች ማዕከሉ ውስጥ ይገኛል። ተማሪዎቹ ከፈተና በፊት ለዕድል ሳንቲም ይወረውሩለታል፤ ከትልቅ የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ በፊት ደግሞ ፊቱን የጦርነት ቀለም ይቀቡታል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚኖር አንባቢ መንገዱ አጭር ነው፤ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይያዙ። ወደ ሥዕሉ ስንመለስ፦ መሣሪያ ያልያዘ፣ ቁስል የሌለው፣ መጎናጸፊያ የለበሰ ሰው "ተዋጊ" ከተባለ፣ መጀመሪያ የመርከቡን ስም ፈልገው ያግኙ።

እጄ ላይ ያለው በእጅ የተሣለ ነው ወይስ ኅትመት?

አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ይበቃል። ቀለሙ በረድፍ በተደረደሩ ነጠብጣቦች ከተሠራ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ የተበተኑ ጥቃቅን ጭጋጎች ከሆኑ የኮምፒዩተር ማተሚያ ነው። እውነተኛ የውሃ ቀለም በወረቀቱ ጉድጓዶች ውስጥ ይረጋል፣ የደረቀበት ዳር ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይተዋል፣ በስስ ቦታዎች ከሥሩ የእርሳስ ንድፍ ያሳያል። የኢንዴክሱ ኦሪጅናሎች በአብዛኛው ናሽናል ጋለሪ ናቸውና ገበያ ላይ የሚቀርብልዎትን ከዚህ አንጻር ይመዝኑት። የኢንዴክሱ ዲጂታል ምስሎች ከጋለሪው ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳሉ፤ ለመጻፍም ለማተምም ፈቃድ አያስፈልግም።

ሠዓሊው ከራሱ የጨመረውን በምን አውቃለሁ?

የቅርጹን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ፈልገው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሦስት ነገሮችን ያነጻጽሩ። አንደኛ ማዕዘኑን፤ ሠዓሊው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ከታች ከሣለ ተዋጊው ይገዝፋል። ሁለተኛ የተተወውን፤ ከጀርባ ያለ ብረት፣ የሙዚየም ቁጥር፣ አዲስ የተቀጠለ አፍንጫ። ሦስተኛ ጥላውን፤ ፎቶው ላይ ለስላሳ የሆነ ጉንጭ ሥዕሉ ላይ በጥልቅ ቡናማ ከተቦረቦረ ድራማው የሠዓሊው ነው።

ፎቶ ከሌለ የአሠራሩን ወጥነት ይዩ። ሰነድ የሚሠራ እጅ ለተረከዙም ለፊቱም እኩል ትዕግሥት ይሰጣል። ፊቱ ላይ አሥር ድርብርብ ቅብ፣ ጉልበቱ ላይ ሁለት ብቻ ካለ ሠዓሊው የመልክ ሥዕል እየሣለ ነበር። ይህ ነውር አይደለም፤ ሥዕሉ ስለ ሠዓሊው የሚናገረው ስለ ቅርጹ ከሚናገረው ይበልጣል ማለት ብቻ ነው።

ቅርጹ ራሱ ከጠፋ ሥዕሉ ብቻውን ምን ያህል ይበቃል?

የፊት ገጽታን፣ የልብስ ዝርዝርንና በዚያን ጊዜ የነበረውን ቀለም ለመናገር ይበቃል። ጥልቀትን፣ ክብደትንና የጀርባ አሠራርን ለመናገር አይበቃም። የ"ዋሪየር" የእንጨት ተዋጊ ከጠፋ በኋላ ተተኪውን በ1980ዎቹ የቀረጹት ጃክ ዋይትሄድና ኖርማን ጌችስ ናቸው፤ እንዲህ ላለ ሥራ ከፊት የታየ አንድ ምስል የትከሻውን ውፍረት አይሰጥም፣ የጎንና የኋላ እይታ ያስፈልጋል።

እንጨት ደግሞ ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ቅርጾች "ይጠበቁ" ተብለው በፋይበርግላስ ተሸፈኑ፤ ሽፋኑ እርጥበቱን ውስጥ አሰረውና መሐላቸው ወደ ጭቃነት ተለወጠ። እንዲህ ባለ ቅርጽ ላይ ሽፋኑ ከመደረጉ በፊት የተሣለ የውሃ ቀለም ካለ፣ ጠጋኞች የመሮውን ምልክትና የእጥፋቱን ስለት የሚፈልጉት ከዚያ ነው። ስለዚህ መግለጫ ሲጽፉ ሥዕሉ የተሣለበትን ዓመትና ቅርጹ አሁን ያለበትን ሁኔታ በሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ያስቀምጡ። ለምሳሌ፦ "ሥዕሉ በ1930ዎቹ የቅርጹን የፊት ገጽ ያሳያል፤ ቀኝ ክንዱ ያኔም አልነበረም። ቀዩ መጎናጸፊያ ከአንድ በላይ ቅብ አለው፤ የታችኛው አረንጓዴ በግራ ትከሻ ላይ ይታያል። የተዋጊው ማንነት የተገመተው ከርዕሱ ነው፣ የመርከቡ ስም አልተመዘገበም።"